ምዕራፍ 7፦ ዳገቱ የሚቀለው ከማን ጋር ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን መንገድ ከሥሩ ቆመው ቀና ሲሉ የሚታይዎት ዳገትና መሐንዲስ ለክቶ የሚነግርዎት ዳገት አይገናኙም። ዓይን ያጋንናል። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴኒስ ፕሮፊትና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ኮረብታ ግርጌ እያቆሙ ሲጠይቁ፣ 5 ዲግሪ ብቻ የሆነውን ዳገት 20 ዲግሪ ገደማ ነው ይሏቸው ነበር፤ 10 ዲግሪውን ደግሞ 30። ከባድ ቦርሳ ያዘለ ወይም ሮጦ የደከመ ሰው ከዚያም በላይ ያከርረዋል። ፕሮፊት ከዚህ ተነሥተው፣ አእምሮ ዳገትን የሚያየው በዲግሪ ሳይሆን በሚያስወጣው ጉልበት ነው አሉ።

በ2008 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ሲሞን ሽናል ከፕሮፊትና ከሌሎች ጋር ሆነው ጥያቄውን ወደ ጓደኝነት ወሰዱት። ከጓደኛው ጎን የቆመ ሰው ኮረብታውን ብቻውን ከቆመው ይልቅ ለዘብ አድርጎ ገመተው፤ ወዳጅነታቸው በቆየ ቁጥርም ዳገቱ ይበልጥ ለዘበ። በሌላ ሙከራ ጓደኛ በአካል አልነበረም፤ የሚቀርቡትን ሰው በሐሳብ ማምጣት ብቻ በቂ ሆነ።

እንዲህ ያለ ወሬ ለእኛ ይጥመናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እየተባልን ስላደግን ሳይንስ የመሰከረልን ይመስለናል። ግን ሎሚ ይከፋፈላል፣ ዳገት አይከፋፈልም። አብሮዎት የሚወጣው ሰው አንዲት እርምጃ እንኳ አይራመድልዎትም። ታዲያ የቀለለው ምንድን ነው?

ተጠራጣሪዎችም ዝም አላሉም። በ2009 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ዱርጂንና ባልደረቦቻቸው የቦርሳውን ሙከራ ደገሙት፤ ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ግን ቦርሳው የያዘው የጡንቻን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ነው ብለው ነገሯቸው። እነዚህ ሰዎች ቦርሳ ስላዘሉ ዳገቱን አላከረሩትም። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ተሳታፊዎች ተመራማሪው ምን መስማት እንደሚፈልግ ጠርጥረው መልሰው ሊሆን ይችላል። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም፤ እኔም የዓይንን ነገር በይደር ልተወው። ሰው አጠገባችን ሲኖር ፍርሃታችንና ሕመማችን ስለመርገቡ ያለው ማስረጃ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው።

ተመራማሪው ጄምስ ኮን በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 16 ባለትዳር ሴቶችን ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመጣባቸው እንደሚችል አስጠነቀቋቸው። ብቻቸውን ሲጠብቁ ለአደጋ የሚዘጋጁት የአንጎል ክፍሎች ሥራ በዛባቸው። የማያውቁት ሰው እጃቸውን ሲይዛቸው ጥቂት ረገቡ፤ ባላቸው ሲይዛቸው የበለጠ ረገቡ፤ ትዳራቸው የሰመረላቸው ሴቶች ላይ ደግሞ ለውጡ ጎላ ብሎ ታየ። ኮን ውለው አድረው ያመጡት ሐሳብ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ይስበኛል፦ አንጎል ሒሳቡን የሚጀምረው ሰው አጠገቤ አለ ብሎ ነው። ወዳጅ ሲመጣ ጉልበት አይጨመርለትም፤ ብቻውን ሲቀር ነው ወጪው የሚበዛበት።

ስለ ሕመም የኦክስፎርድ ቀዛፊዎች ይነግሩናል። 12 ወጣቶች በቀዘፋ ማሽን ላይ 45 ደቂቃ ሠሩ፤ አንድ ጊዜ ለየብቻ፣ ሌላ ጊዜ በቡድን። ጉልበታቸው ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያው ክንዳቸው ላይ እየተነፋ «አመመኝ» እስኪሉ ተጠበቀ። በቡድን ከቀዘፉ በኋላ ቻል ያደረጉት የበለጠ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሕመም አስታጋሽ፣ የኤንዶርፊን ሥራ ነው ብለው ገመቱ፤ ግምት ያልኩት አንጎል ውስጥ ገብተው ስላልለኩት ነው።

ወደ ዳገታችን እንመለስ። እንጦጦ ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሲሶ ያህል ይሳሳል። በዚህ አየር በማለዳ የሚሮጡት አትሌቶች እንዴት እንደሚሮጡ፣ 15 ወር ያህል አብሯቸው የቆየው ብሪታንያዊ አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮውሊ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። በባሕር ዛፉ መሀል እየተጠማዘዙ በአንድ መስመር ይሄዳሉ። የኋለኛው ዓይኑን የፊተኛው እግር ላይ ይጥላል፤ ያ ሲያነሣ ያነሣል፣ ሲያሳርፍ ያሳርፋል። ከፊት ያለው ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ካየ ለኋለኞቹ ምልክት ይሰጣል፤ መምራትም በተራ ነው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ይሮጥ ይሆናል እንጂ ጎበዝ ሯጭ አይወጣውም፤ እምነታቸው ይህ ነው። እንዲያውም ብቻን መሮጥ እንደ ነውር ይታያል።

ይህ ልማድ ውድድር ላይም ሲከተላቸው አይተናል። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ማራቶን የ37 ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ፣ ፓውላ ራድክሊፍ ስትዳከም ዞር ብላ አብረን እንሂድ ብላ ስታበረታታት ታየች። ተቀናቃኝ ነበረች፤ ያውም በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት። ራድክሊፍ አራተኛ ወጣች፤ ደራርቱ አሸነፈች። ይህን ደግነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ለረጅም ርቀት ሯጭ ከፊቷ ወይም ከጎኗ የሚሄድ እግር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የምታውቅ ሴት ሒሳብም ይታየኛል።

እርስዎ ቅዳሜ ጠዋት ለመውጣት ካሰቡ፣ ጓደኛ ሲመርጡ በእግሩ ብርታት አይምረጡ። በየመታጠፊያው ሰዓቱን እያየ «ባለፈው እኮ እዚህ ቶሎ ደርሼ ነበር» የሚል ሰው ይቅርብዎት። የኮን ሴቶች እንዳሳዩት፣ ማንም ሰው ትንሽ ያግዛል፤ የልብ ሰው ግን ይለያል። እያወጉ ይውጡ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መጨረስ ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ይህን አደራ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቀዛፊዎቹን ሕመም ያዘገየው ነገር የእርስዎንም ማስጠንቀቂያ ሊያዘገይ ይችላል። የልብ ወይም የአስም ሕክምና የሚከታተል ሰው ጨዋታው ደምቆለት ደረቱን ሲጨንቀው ችላ እንዳይል ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሦስት አራት ሆናችሁ ከወጣችሁ ደግሞ እርምጃው የሚያዘግመው ሰው ከፊት ይሂድ፤ ሌሎቹ የእሱን እግር ይከተሉ።