መንገዱ ከሎጁ ይቀድማል

ጥያቄ፦ በላስታ አካባቢ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ባልደረባ ነኝ። የብዙ ቀን የእግር ጉዞ መስመር ለመክፈት አቅደናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከሎጅ ግንባታ አይጀምሩ። መጀመሪያ ሕዝቡ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን መንገድ በካርታ ያስፍሩ፤ በማሳ ላይ አዲስ መንገድ መቁረጥ ጠብ ያመጣል። ማደሪያዎቹን ውሃ ባለበት፣ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቀት ያኑሩ። በጎረቤትዎ መቄት ወረዳ የመንደር ማኅበራት እንግዳ የማስተናገድ ልምድ አላቸው፤ ይጠይቋቸው። መንገድ መክፈት ጊዜ ይወስዳል፤ ጥገናውም አያቋርጥም፦ 14 ግዛቶችን የሚያቋርጠው የአሜሪካው አፓላቺያን የእግር ጉዞ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1921 ታቅዶ በ1937 ነው የተጠናቀቀው፤ እስከ ዛሬም ጥገናውን በብዛት የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እናም ክረምት ሲወጣ ለሚደረግ ጥገና በየዓመቱ በጀት ይያዙ። የገቢ ክፍፍሉን ደግሞ አስቀድመው በቀበሌ ስብሰባ ያስወስኑ።