እንሽላሊት ለማሳደግ ለሚያስብ ጀማሪ

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በጎንደር የድንጋይ አጥር ላይ እንሽላሊት ተዘርግቶ ሲሞቅ ያላየ ተማሪ የለም። በቁጥቋጦውም ላይ እስስት ይገኛል። ይህን ያየ ሰው አንዱን ይዞ በመኝታ ክፍሉ ለማሳደግ ቢያምረው አያስደንቅም። ዳሩ ግን አስቀድሞ ሊያስብባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉና በአጭሩ እንመልከታቸው።

1ኛ፤ ሙቀት። እንሽላሊት እንደ ውሻና እንደ ድመት ሙቀትን ከገዛ አካሉ አያገኝም፤ ከፀሐይና ፀሐይ ከመታው ድንጋይ ይቀበላል እንጂ። ሰውነቱ ካልሞቀ የበላው አይፈጭለትም። የደጋው እንሽላሊት የሌሊቱን ብርድ የለመደ ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማችን ቀኑን በጥላ ክፍል ከዋለ ይደክማል። ስለዚህ ሣጥኑ አንደኛው ጫፍ የሚሞቅ፣ ሌላው የሚቀዘቅዝ ሊሆን ይገባል፤ እንስሳው የሚስማማውን ራሱ ይመርጣልና። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ይህ ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

2ኛ፤ ብርሃን። እናቶቻችን ሕፃኑን የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት አጥንቱ እንዲጠና ነው፤ የእንሽላሊትም ነገር እንዲሁ ነው። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ቆዳውን ሲነካው ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ያለዚህ ቫይታሚን ካልሲየም በሚገባ ስለማይዋሐደው አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋውም ይጣመማል። የመስኮት መስተዋት ይህንኑ ጨረር ያግዳልና ሣጥኑን መስኮት ሥር ማኖር አይበቃም። የመስተዋት ሣጥንን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ እንስሳውን በሙቀት መግደል ነው።

3ኛ፤ ምግብና ውኃ። እስስት የሚበላው ሲንቀሳቀስ ያየውን ዝንብና ፌንጣ ነው። የሚጠጣውም በቅጠል ላይ ያረፈውን ጠብታ እንጂ በሳሕን የቀረበለትን አይደለም። እንግዲህ በፈተና ሳምንት ዝንብ የሚያድንለት ማን ይሆን?

በውጭ አገር ለጀማሪ የሚመከረው ጌኮ የተባለው ነብርማ እንሽላሊት ነው። ትውልዱ ከፓኪስታንና ከአፍጋኒስታን ወገን ሲሆን በሰው እጅ ሲራባ የኖረ ስለሆነ መያዝን ይታገሣል። ይሁን እንጂ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል፤ የእኛ ትምህርት ግን በጥቂት ዓመት ያልቃል።

የደጋችን እስስት ግን ሌላ ነው። ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ይህ እንስሳ መያዝና መከበብ ያስጨንቀዋል። እስስት ከአገር ወደ አገር የሚነገድበትን ሁኔታም ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይቆጣጠረዋል፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1989 ገብታበታለች።

ወላዋዩን ሰው «እስስት» ብለን እንሰድባለን። በእውነቱ የእስስት ቀለም የሆዱን የሚናገርበት ቋንቋው ነው። ሲበርደው ሙቀት ለመሳብ ይጠቁራል፤ ሲፈራና ሲቆጣም ይለወጣል። በክፍላችሁ ውስጥ ጠቁሮ የሚውል ከሆነ አቤቱታ እያቀረበ ነውና አድምጡት።

ስለዚህ ጀማሪ ሆይ፣ ሣጥን ከመግዛትህ በፊት ደብተር ግዛ። አንድ ቁጥቋጦ ምረጥና እስስቱ በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚሞቅ፣ መቼ እንደሚጠቁር፣ ምን እንደሚያድን ለአንድ ወር ጻፍ። ከነካኸውም ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ በሽታ ተሕዋስ ሊያስተላልፍ ይችላልና እጅህን በሳሙና ታጠብ። ከወሩ በኋላ ያን ሁሉ በመኝታ ክፍልህ ልትሰጠው የምትችል መሆንህን ራስህን ጠይቅ፤ የማትችል ከሆነ እዚያው በቁጥቋጦው ላይ ተወው።