የሚጮኸው አባትና ዝም ያለው ልጅ

ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ አንድ ቤት እናስብ። አባትየው ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ቡናው ሲዘገይ ይቆጣሉ፤ ሲብስባቸው በሥራ የለመዷትን ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ ይሳደባሉ። ልጃቸው 23 ዓመቱ ነው። ድሮ ኳስና ሳቅ የማይጠግብ ነበር፤ ዘንድሮ ከክፍሉ አይወጣም። ጎረቤት ቡና ላይ የሚያነሳው አባትየውን ነው፦ «እኚህ ሰውዬ ጤናም የላቸው!» ልጁንማ «አደብ ገዛ» ይሉታል።

እኔ የምሰጋው ለልጁ ነው።

የአባትየው ቁጣ ሠላሳ ዓመት አብሯቸው ኖሯል። ባለቤታቸው ምን እንደሚቀሰቅሰው፣ ምን እንደሚያበርደው ያውቃሉ። ደግሞ ሰው ይመርጣል፦ ቤቱን የሚያንቀጠቅጡት አባት ዕድር ላይ ተራቸውን ጠብቀው ይናገራሉ። ሰውና ቦታ አይቶ የሚነሳና የሚበርድ ነገር አመል መሆኑ ያመዝናል። አመል ነው ማለት ግን ቻሉት ማለት አይደለም፤ እናትየው «ሲረጋጉ እንነጋገራለን» ብለው ከክፍሉ ቢወጡ ደግ አደረጉ።

አመለኛም ግን ይታመማል። እኚሁ አባት የራሳቸውን ቁልፍ የት እንዳኖሩ ረስተው ባለቤታቸውን «ሰረቅሽኝ» ማለት ከጀመሩ ይመርመሩ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መቃዠትና ሰው መሳት ከመጣ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በሽማግሌ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን ወይም የሌላ የሰውነት ሕመም ምልክት ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ፤ እህቱ ታየዋለች። መስኮቱን በጋዜጣ ሸፍኖታል። ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያነጋል። ከእንጀራው ጠርዝ ጠርዙን ቆርሶ ይተወዋል። «ለምን አትበላም?» ስትለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ?» አላት። ማንም በሌለበት ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የራቀው እናቱን ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹን፣ ትምህርቱን፣ ገላውን መታጠብም ትቷል። ሁሉም ቦታ፣ ሁሉም ሰው ዘንድ ተለውጧል፤ ለውጡም ለራሱ አንዳች አልጠቀመውም።

የጎረቤቶቹ ስህተት የለገሃር ብቻ አይደለም። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ 100 የአካባቢውን አዋቂዎች ስለ አእምሮ ሕመም ሲጠይቁ፣ በምልክትነት ጎልተው የተጠቀሱት ለፍላፊነት፣ ጠበኛነትና እንግዳ ጠባይ ነበሩ። ጮሆ የሚመጣውን እናውቀዋለን፤ በር ዘግቶ የሚመጣው ያመልጠናል። እዚያው ቡታጅራ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ 68 ሺህ ያህል ሰው በተዳሰሰበት ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም የጀመረበት አማካይ ዕድሜ ለወንዶች 24፣ ለሴቶች 21 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። «ጎረምሳ ነው፣ ይተወዋል»፣ «ጫት ነው ያበላሸው» የምንልበት ዕድሜ ነው። ጫት መቃሙም ቢሆን ለሐኪሙ ሊነገር ይገባል እንጂ እዚያ ላይ ነገሩን መዝጋት አይገባም።

ስለዚህ «ምን ያህል ያስቸግራል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አይረዳም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ድሮ እንዲህ ነበር? እንቅልፉስ፣ ምግቡስ? እህትየው ይህን በደብተር ከነቀኑ ብትጽፍ፣ ሐኪም በግማሽ ሰዓት የማያገኘውን ታሪክ ይዛለት ትሄዳለች። የበሽታውን ስም መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው። ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ሲሉት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ በጣሊያን ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለ። እናት ጠበል ልውሰደው ቢሉ አልከራከራቸውም፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን በጠበል ምክንያት አይቋረጥ። ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይሄዳል።

«አብደሃል፣ እንሂድ» ካሉት አይነሳም። «እነሱ» የሚላቸውም የሉም ብሎ መሟገት ከእህቱ ያርቀዋል፤ አሉ ማለትም አይገባም። ሻዩን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «እንቅልፍ ካጣህ ሰነበትክ፤ ስለ እንቅልፍህ ሐኪም እናማክር፣ አብሬህ እሄዳለሁ» ትበለው። ዛሬ እምቢ ቢል፣ ነገም ሻዩን ይዛ ትመለስ።