በዘር የሚመጣ ቁርጥማት አለ ወይ?

«የልጅቱ እናት ጣቷ ተጣሟል። አክስቷም እንዲሁ ነበረች። በዘራቸው አለና ለልጃችን አናጫትም።» እንዲህ ያለውን ንግግር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እውነት ነው ወይስ ሐሰት? እስቲ እንመርምረው።

ቁርጥማት የምንለው ሕመም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በዕድሜና በሥራ ብዛት ጉልበትን የሚይዝ አለ። አሁን የምንናገረው ግን ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ስለሚሉት ነው። ሰውነታችን ከውጭ የሚገባበትን ጀርም የሚዋጋ ዘበኛ አለው። በዚህ በሽታ ጊዜ ዘበኛው ይሳሳትና የገዛ ቤቱን ይመታል። የጣትና የእጅ አንጓ ያብጣል፣ ያተኩሳል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እጅ ይይዛል። ጠዋት ሲነሱ እጅ እንደ እንጨት ይደርቅና ከአንድ ሰዓት በላይ አልጨበጥ ይላል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ለሚጋግርና ውሃ ለሚቀዳ እጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ በዘር ይመጣል? ሐሰት አንናገርም፤ ዘር ድርሻ አለው። ልጅ ቁመቱንና መልኩን ከወላጆቹ እንደሚወርስ ሁሉ፣ ለዚህ በሽታ የሚያጋልጥ ባሕርይም ሊወርስ ይችላል። ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው ረቂቅ ነገር ጂን ይባላል። እዚህ ላይ ዋናው ጂን ዘበኛው የራሱን ከባዕድ እንዲለይ የሚረዳው ነው።

ግን መንትዮችን እንመልከት። ፈጽሞ የማይለዩ መንትዮች ዘራቸው አንድ ነው። ነገሩ በዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲታመም ሌላውም በታመመ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። አንዳቸው ከታመመባቸው 100 እንዲህ ያሉ መንትዮች ውስጥ ሁለቱም የታመሙት 15 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ገበሬ ይህን ከማሳው ያውቀዋል። ዋግ የሚወደው የስንዴ ዘር አለ። ያም ዘር ቢሆን ዋጉ ካልመጣበት ያፈራል። ለሰው እንደ ዋግ ከሚሆኑት አንዱ ትንባሆ ማጨስ ነው። በተለይ ያ ጂን ያለበት ሰው ቢያጨስ አደጋው ይብስበታል።

የተጣመመ ጣት አይተው «ሥጋ ደዌ ነው» የሚሉም አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ሥጋ ደዌ ጣትን ያደነዝዛል፣ እሳት እንኳ ላይሰማው ይችላል። ይህኛው ግን ሌሊት እንቅልፍ እስኪነሳ ድረስ ያማል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

እንግዲህ ልጅቱ ለመታጨት የሚያግዳት ነገር የለም። እሷ ማወቅ ያለባት ምልክቱን ነው። አንጓዋ አብጦ፣ የጠዋቱም ድርቀት ለሳምንታት አልለቅ ካላት፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ «እናቴም ይህ ነበረባት» ብላ ትናገር። መድኃኒቱ በሽታውን ነቅሎ አያጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ ግን አንጓውን ከጉዳት ሊያድን ይችላል። አንዴ የተጣመመን ጣት መድኃኒት አያቀናውም።