የጦር ሠራዊት ይዞታ የሆነ መሬት ጥቅም እንዴት ይገመታል?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ የሚገኘው ሸጎሌ በጦር ሠፈሩ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ይዞታ ለገበያ ስለማይቀርብ ዋጋ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ያልተሸጠ ሁሉ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር የጦር ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ለልምምድ በገዛው የሶልስበሪ ሜዳ ብዙው ክፍል ከማረሻ በመዳኑ፣ በሌላ ስፍራ የጠፋው የዱር ሣርና አበባ እስከ ዛሬ ይገኝበታል።

ግምቱ ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛ፣ ለሽያጭ የሚሆነው አጣናና ማገዶ በገበያ ዋጋ ይሰላል።

ሁለተኛ፣ የማይሸጠው ጥቅም በሚያስቀረው ወጪ ይመዘናል። ከእንጦጦ የሚወርደውን ጎርፍ ሣርና ዛፍ ካልገቱት፣ ዐፈሩን ጠርጎ በትንሹ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ያደርሰዋል፤ የግድቡም ውሃ የመያዝ አቅም በደለል ምክንያት ቀንሷል። እንግዲህ ለደለል ጠረጋና ለመከላከያ ግንብ ሊወጣ ይችል የነበረው ገንዘብ የመሬቱ ጥቅም መለኪያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በጥይትና በዘይት የተበከለውን ዐፈር የማጽጃ ወጪ፣ እንዲሁም ቦታው ለቤት ወይም ለመጋዘን ቢውል ይገኝ የነበረው ኪራይ ይቀነሳል።

በዚህ ሁሉ አንድን ጥቅም ሁለት ጊዜ መቍጠር አይገባም፤ ለማገዶ ተቈርጦ የተቈጠረ ዛፍ፣ ቆሞ ጎርፍ ይገታል ተብሎ ዳግመኛ አይመዘገብም።

አጥሩ ፈርሶ ቦታው ለሌላ ሥራ ሲሰጥ ኪራዩን የሚቀበለው ባለይዞታው ነው፤ ጎርፉን የሚቀበለው ግን ከበታች ያለው ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ከውሳኔው በፊት መሠራት አለበት።