ማሳሰቢያ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ካቢኔውን ለምንጠይቅ የጉና ሰዎች

ደብረ ታቦር ላይ ስለ መንግሥት ወሬ ሲነሳ ማብቂያው አንድ ሰው ነው። ማዳበሪያ ዘገየ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ልጅ ታሰረ፤ የሚወቀሰውም የሚለመነውም «ጠቅላዩ» ነው። ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ካቢኔውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ አድርጓቸዋል። በዚያ ምክር ቤት የሚቀመጡት ደግሞ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከሌላውም አገር ተመርጠው የተላኩ ሰዎች ናቸው። ወቀሳውም ልመናውም በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ማወቅ ከብዙ ድካም ያድናል።

«ጠቅላይ ሚኒስትር መረጥኩ» አትበሉ። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ሹመት የለም። እናንተ የምትመርጡት የምርጫ ክልላችሁን ተወካይ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ አንቀጽ 73ን አንብቡ። ስለዚህ እጩው ለቅስቀሳ ሲመጣ ስለ ድልድይና ስለ ትምህርት ቤት ብቻ ጠይቃችሁ አትሸኙት። «ፓርቲዎ ያመጣው ረቂቅ አካባቢያችንን የሚጎዳ ቢሆን እጅዎን ያወጣሉ ወይስ ይቃወማሉ?» በሉት። አንቀጽ 54 ተወካዩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል፤ ፓርቲው እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። በተግባር ተወካዩ ከፓርቲው መስመር ሲወጣ የምናየው ስንት ጊዜ ነው? እሱን እናንተው ታዝባችኋል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ከሁለት ዘመን በላይ አይቆይም የሚለውንም ተዉት። የሁለት ጊዜ ገደብ ያለበት ርዕሰ ብሔሩ፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን ከምክር ቤቱ አምስት ዓመት ጋር ይሄዳል፤ ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል ግን ሕገ መንግሥቱ ዝም ብሏል።

ፕሬዚዳንቱንና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማምታታት ለደብረ ታቦር ሰው አይገባም። በዘመነ መሳፍንት ዘውዱ ጎንደር፣ ሥልጣኑ ግን እዚሁ ደብረ ታቦር ነበር፤ ከራስ ጉግሳ እስከ ራስ አሊ ድረስ የየጁ ራሶች በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገር አስተዳድረዋል። ዛሬም አዋጅ የሚፈርመው አንድ ሰው፣ ሠራዊቱን በጠቅላይ አዛዥነት የሚመራው ሌላ ሰው ነው። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ አዋጁ ሥራ ላይ ይውላል። ልዩነቱ ራሶቹ የሚጠየቁት ከእነሱ የበረታ ጦር ሲመጣ ብቻ መሆኑ ነው፤ ራስ አሊን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ያወረዳቸው ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት የካሣ ጦር ነበር። የአሁኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ምክር ቤቱ ጠርቶ ሊጠይቀው፣ አሠራሩንም ሊመረምር ሥልጣን አለው። ይቅርታ የምትለምኑ ከሆነ ግን ፕሬዚዳንቱ ዘንድ መድረሱ ተገቢ ነው፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ማድረግ የእሱ ሥራ ነው።

ሚኒስትሩን ከተመራጮች ዝርዝር አትፈልጉት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ማለትም ከተወካዮችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አባላት ወይም ከውጭ ብቃት ያለውን ሰው አቅርቦ ማጸደቅ ይችላል። መስከረም 26 ቀን 2014 የጸደቀው ካቢኔ 22 ሚኒስትሮች ነበሩበት፤ ከተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ከኢዜማ፣ ከአብንና ከኦነግ የመጡ ሰዎችም ተሹመውበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ፦ ተቃዋሚ ሆኖ ካቢኔ የገባ ሰው በጋራ ለተወሰነው ሁሉ የጋራ ተጠያቂነት አለበት፤ አንቀጽ 72 ነው። «እኔ በግሌ አልተስማማሁም ነበር» የሚል ሚኒስትር ቢያጋጥማችሁ፣ ካልተስማማ ለምን እንዳልወጣ ጠይቁት።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ቀን ቁጠሩ። ይህን ከሁሉ በላይ አደራ የምለው እኛ ስለኖርንበት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአማራ ክልል አዋጁን ያወጣው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ሲሆን የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ነሐሴ 8 ቀን ነው። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ እያለ የታወጀ አዋጅ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በእረፍቱ ጊዜ የታወጀ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያው ይሻራል። ከጸደቀ ዕድሜው ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል። የእኛውም ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዝሞ ነበር።

ድምፁንም ቁጠሩ። የካቲት 23 ቀን 2010 በነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማጽደቂያ ስብሰባ መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር። ያን ጊዜ 539 አባላት የነበሩት ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛው ግን 360 ነው። ኋላ ቁጥሩ 395 ተብሎ ታረመ። የትኛው ትክክል እንደነበር ክርክሩ ብዙ ቆየ፤ እኔ የምለው ግን ሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ጥያቄው እዚያው በዕለቱ ይነሳ ነበር ነው።

በአዋጁ ጊዜ ለታሰረ ሰው ሌላ ደጅ አለ። አንቀጽ 93 ከምክር ቤቱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች የሚመረጥ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ንፋስ መውጫ ወይም ወረታ ልጇ የተወሰደባት እናት ከጣቢያ ጣቢያ ከመንከራተቷ ጎን ለጎን የልጇን ስም ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የመፈለግ፣ ከሌለም «ለምን የለም?» የማለት መብት አላት። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአዋጅ ጊዜም አይታገድም።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሞት ወይም ሲለቅ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ሕጉ አጭር ነው። አንቀጽ 75 ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ «በማይኖርበት ጊዜ» ተክቶ ይሠራል ከማለት አያልፍም። አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ሲያርፉ ምክትላቸው አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። እሳቸውም የካቲት 8 ቀን 2010 መልቀቃቸውን ካስታወቁ በኋላ ተተኪው እስኪሰየም መጋቢት 24 ደርሷል። አመኔታ ስለ መንፈግም ቢሆን፣ አንድ ሦስተኛ አባላት ጠይቀው ጉዳዩ ውይይት ላይ ይቀርባል፣ ምክር ቤቱም «አስፈላጊ መስሎ የታየውን» ይወስናል ከሚል በቀር ሥርዓቱ በዝርዝር አልተጻፈም። ጀርመኖች ተተኪውን ሳይመርጡ ቻንስለር የሚሉትን የመንግሥት መሪ ማውረድን በሕገ መንግሥታቸው ከልክለዋል፤ በ1982 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሽሚትን ያወረዱት ኮልን መርጠው ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ ለእኛም ያስፈልገናል ባይ ነኝ።

አዋጅ፣ ደንብና መመሪያን ለዩ። አዋጅ የተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ «መመሪያ ወጥቷል» ብሎ ሲመልሳችሁ መመሪያውን አሳዩኝ በሉ። በ2012 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መመሪያዎች ተመዝግበው ለሕዝብ እንዲደርሱ ያስገድዳል።

ሁሉንም ነገር አዲስ አበባ አትላኩ። ክልሉም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ርዕሰ መስተዳድሩን ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ብቻ አምስት ሰዎች ወደዚያ ወንበር መጥተዋል። አንዱ ተነስቶ ሌላው ሲተካ የክልል ተመራጫችሁ መጥቶ ምክንያቱን ነግሯችኋል? በማዳበሪያም ነገር እንዲሁ ነው፦ ግዥው የፌዴራሉ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፣ ሥርጭቱ ግን በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ያልፋል። ጂቡቲ ገብቶ የዘገየውንና ክምር ድንጋይ መጋዘን ደርሶ የጠፋውን አንድን ሰው ብትጠይቁ ሁለቱም መልስ አያገኙም።

ጊዜውንም እወቁ። ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር እረፍት አለው። በጀት የሚጸድቀው በሰኔ ስለሆነ የመንገድ ጥያቄ በሐምሌ ማቅረብ ዓመት መጠበቅ ነው። ክረምቱ ግን ተወካዩን አገሩ ላይ ለማግኘት ይመቻል። ሲመጣ በቃል ብቻ አትንገሩት፤ ጽፋችሁ፣ የዕድራችሁን ወይም የቀበሌያችሁን ሰዎች አስፈርማችሁ ስጡት፣ ቅጂውንም ቀን አስጽፋችሁ አስቀምጡ።