ቂም ይዞ ጸሎት፦ ስለ ልማድ፣ ስለ ደምና ስለ ይቅርታ



«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል ያገራችን ሰው። ሌባን ሳሉ እንደሚያጋልጠው ሁሉ፣ ቂመኛም በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ሲጸልይ ቂሙ ያጋልጠዋል ማለት ነው። ይህን ምሳሌ ያልሰማ ክርስቲያን በመካከላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ ማወቅና በዕውቀት መኖር የተለያዩ ናቸው። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ ሰንበትን የሚያከብር፣ ማኅበር የሚጠጣ ሰው የአባቱን ወይም የወንድሙን ገዳይ ለመግደል ዓመታት ሲያደባ ይኖራል፤ በጾሙና በቂሙ መካከል ያለው ግጭትም አይታየውም። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ይህንኑ ነው። እምነትና ክፉ ልማድ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳይጋጩ አብረው እንዴት ሊኖሩ ቻሉ? ይህንንስ የሚያይ ክርስቲያን ምን ማድረግ ይገባዋል?

1. ደም የሚባለው ልማድ

ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚዘልቁት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የቆየ ክርስትና ያላቸው አገሮች ናቸው። የእስቴ ዋና ከተማ መካነ ኢየሱስ መባሉ ብቻውን ስለዚህ ይመሰክራል። ሕዝቡ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሲሆን፣ በዚህ የአገራችን ክፍል እኛ ካቶሊካውያን በቁጥር ጥቂቶች ነን። ጾሙ፣ በዓሉ፣ ለድኻ መራራቱ፣ እንግዳ መቀበሉ ግን የሁላችንም የጋራ ሀብት ነው። የጋራ ሕመማችንም እንዲሁ።

ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ስፍራ የሚታወቀው ደም መመለስ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። መሬቱ በውርስ እየተከፋፈለ አንሷልና የእርሻ ድንበር በአንድ ክንድ ይገፋል፤ ከብት የሰው ሰብል ይበላል፤ በጋብቻ ጉዳይ ቅሬታ ይነሣል፤ ወይም በጠላ ቤት የተወረወረ ስድብ በዱላ ይመለሳል። አንድ ሰው ሲሞት ግን ነገሩ የሁለት ሰዎች መሆኑ ይቀርና የሁለት ወገኖች ይሆናል። ገዳዩ አገር ጥሎ ይሰደዳል፤ ወንድሙና የአጎቱ ልጅ ምንም ሳያደርጉ ደመኛ ተብለው ገበያ መውጣትና ቤተ ክርስቲያን መሳም ይፈራሉ፤ እርሻው ጦም ያድራል። በሟቹም ቤት ሕፃኑ ልጅ ከጡት ሳይጣል የደም መላሽነት ዕዳ ይጠብቀዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ስንቱን ቤት በኀዘን እንደ ጎበኘ ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ የተዘራ ቂም የሚታጨደው በልጆቻችን ዘመን ነው።

በዚህ ልማድ ላይ ፈርደን ብቻ ብናልፍ ግን ትምህርታችን ከንቱ ይሆናል። ደም የሚመልስ ሰው ሁልጊዜ ጨካኝ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሟቹን የሚወድ፣ ለወገኑ የሚታመን፣ ወላጁን የማይረሳ ሰው ነው። ዳኛ በሩቅ በነበረበት ዘመን ደም መላሽ ያለው ቤት ይፈራ፣ የሌለው ይጠቃ ነበር። ስለዚህ በልማዱ ውስጥ ፍቅርም መታመንም አለ፤ ነገር ግን መንገዱን ስቶ ወደ ሞት ሄዷል። አስተማሪ የሆነ ሰው በመጀመሪያ ይህን ፍቅር አክብሮ፣ ቀጥሎ መንገዱን ማቅናት ይገባዋል።

2. ልማድ እንዴት ይሠራል?

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በጎ ምግባርን ሲተረጕም በጎውን ለመሥራት የጸናና የተለመደ ዝንባሌ መሆኑን ያስተምራል (ቍ. 1803)። በጎነት እንግዲህ አንድ ቀን ብቻ የሚደረግ ሥራ ሳይሆን ተደጋግሞ ባሕርይ የሆነ ነገር ነው። ክፋትም የሚጸናው በዚሁ መንገድ ነው። ልማድ የሰውን ኀላፊነት ሊቀንስ እንደሚችልም ያው መጽሐፍ ይናገራል (ቍ. 1735)፤ ሆኖም ኀላፊነቱ ቀነሰ ማለት ክፋቱ በጎ ሆነ ማለት አይደለም።

ቂምን ልማድ ያደረገው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ጥይቱን የሚተኩስ አንድ ሰው ነው፤ ቂሙን የሚመግቡት ግን ብዙዎች ናቸው። በለቅሶው ላይ አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት አንሥታ ልጁን በነገር ትነካዋለች። በሠርጉ ላይ ፎካሪው የገደለውን ሰው ቍጥር እንደ ማዕረግ ይጠራል። በመንገድ ላይ ጎረቤት «የአባቱ ደም ፈሶ ቀረ» ብሎ ያማል። እናት ልጇን ስትቈጣ «አባትህ ቢኖር» ትለዋለች። ከእነዚህ አንዳቸውም ሰው አልገደሉም፤ ሁሉም ንስሐ ሲገቡ «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ ሳይነኩ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ወጣቱ በመጨረሻ ጠመንጃ የሚያነሣው ከመንደሩ አፍ ለማምለጥ ብሎ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ በቀል የአንድ ሰው ቍጣ ብቻ ሳይሆን በትንንሽ ቃላት የሚጠበቅ የማኅበር ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በሌላ ልማድ እንጂ በአንድ ቀን ስብከት አይሻርም።

3. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ከቃየል ትውልድ የተነሣው ላሜሕ፣ ስለ ቁስሉ ሰው መግደሉንና በቀሉም ሰባ ሰባት እጥፍ መሆኑን በሚስቶቹ ፊት ሲፎክር እናነባለን። የመጀመሪያው ፉከራ ይህ ነው ማለት ይቻላል። በኋላ የተሰጠው የዓይን ስለ ዓይን ሕግ (ዘጸ. 21፡24) ለበቀል ፈቃድ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን የላሜሕን ድንበር የለሽ በቀል የሚገታ ልክ ነበር። ጌታችን ደግሞ ጴጥሮስ ወንድሙን እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ይል እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ ቍጥሩን እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ከፍ አደረገው (ማቴ. 18፡21-35)። በዚህም የላሜሕ የበቀል ስሌት ተገልብጦ የይቅርታ ስሌት ሆነ።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 28 ሰው በሰው ላይ ቍጣ ይዞ ሳለ ከእግዚአብሔር ፈውስን እንዴት ሊለምን እንደሚችል ይጠይቃል። ጌታችንም መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ቢያስታውስ፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዘዘ (ማቴ. 5፡23-24)። እናስተውል፤ ወደ ወንድሙ ሂድ የተባለው ቂም የያዘው ብቻ ሳይሆን ቂም የተያዘበትም ነው። በግእዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችን ከፍሬ ቅዳሴው በፊት ዲያቆኑ እርስ በርሳችን የሰላም ሰላምታ እንድንሰጣጥ የሚያሳስበን ስለዚህ ነው። አጠገባችን ላለው እጃችንን ዘርግተን ሳለ ልባችን በሌላው ላይ የተጨበጠ ከሆነ፣ ሰላምታው በአፍ ብቻ ቀርቷል።

4. ይቅርታና ፍትሕ

ብዙዎች ይቅርታን የሚፈሩት የሟቹን ደም ከንቱ የሚያስቀር ስለሚመስላቸው ነው። ስለዚህ ይቅርታ ምን እንዳልሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ይቅርታ መርሳት አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም በደልን አለማስታወስና ሕመሙ አለመሰማት በእጃችን እንዳልሆነ ታምናለች። ሆኖም ለመንፈስ ቅዱስ የተሰጠ ልብ ቁስሉን ወደ ርኅራኄ ይለውጣል ትላለች (ቍ. 2843)።

ይቅርታ ፍትሕን መካድም አይደለም። ክፉን ለማድረስ ብሎ በቀልን መመኘት የተከለከለ ሲሆን፣ ጥፋት እንዲታረምና ፍትሕ እንዲጸና ካሳን መጠየቅ ግን የተመሰገነ ነው (ቍ. 2302)። ንስሐ የገባ ሰውም የሠራውን ጕዳት በሚቻለው መጠን መካስ አለበት (ቍ. 1459)። ስለዚህ ክርስቲያን ገዳዩን ይቅር ሊለው፣ በፍርድ ቤትም እውነቱን ሊመሰክርበት ይችላል።

ሕዝባችን በዚህ ረገድ ያቆየልን ትልቅ ሀብት አለው፤ እርሱም ሽምግልና ነው። ካህናት መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ሥር ሲወድቅ፣ በመሐላና በካሳ «ዕርቅ ደም ያድርቅ» ይባላል። ይህ ሥርዓት ጥፋትን በአደባባይ ማመንን፣ መዋረድን፣ መካስንና ቃል መግባትን የያዘ ስለሆነ፣ ለንስሐ ምሥጢር እንደ ጥሩ መሰናዶ ሆኖ ይታየናል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባል። በአንዳንድ ቦታ ዕርቁን ለማጽናት በሁለቱ ወገኖች መካከል ጋብቻ ይደረጋል። ሴት ልጅ ያለ ፈቃዷ ወይም ለዕድሜዋ ሳትደርስ የዕርቅ ማሰሪያ ብትደረግ፣ አንድ በደል በሌላ በደል ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ጋብቻ ያለ ሁለቱ ነጻ ፈቃድ ጋብቻ አይባልም፤ የአገራችን ሕግም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል።

5. ሁለት ምስክሮች

የመጀመሪያዋ የድኻ ገበሬ ሚስት የነበረች እናት ናት። በ1902 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ ማርያ ጎረቲ የተባለች የ11 ዓመት ልጅ በጎረቤቷ ወጣት በአሌሳንድሮ ሴረኔሊ በስለት ተወግታ ሞተች፤ ከመሞቷም በፊት ይቅር አለችው። ገዳዩ ተፈርዶበት 27 ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ወደ ልጅቱ እናት ወደ አሱንታ ሄዶ ይቅርታ ለመናት፤ እርሷም ልጇ ይቅር ያለችውን እርሷ ልትነፍገው እንደማትችል አስባ ይቅር አለችው፤ በአንድ የልደት በዓልም አብረው ቆረቡ። ፍርዱም ይቅርታውም በየቦታቸው ነበሩ። ማርያ በ1950 እ.ኤ.አ. ቅድስት ተብላ ስትታወጅ እናቷ በሕይወት ሆና አይታለች።

ሁለተኛው የቅርብ ሰው ነው። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. ገደማ ከእስቴና ከስማዳ ዓባይን ተሻግሮ በሚገኘው በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ተወለደ። አንድ ዓይኑ የታወረው ይህ መነኵሴ ሌሎች ሲሉ ስለ ሰማ ብቻ የማያምን፣ እውነትን ከገዳም ገዳም፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የሚፈልግ ሊቅ ነበር። በአቡነ ያዕቆብ እጅ በ1844 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፤ በ1851 እ.ኤ.አ. ቅስና ተሾመ። ስለ እምነቱ ታስሮ በሰንሰለት እየተጎተተ ብዙ ከተሠቃየ በኋላ በ1855 እ.ኤ.አ. ዐረፈ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ተባለ። እምነቱን አልካደም፤ ሰይፍም አላነሣም። ፉከራ የማያውቀው ጀግንነት ይህ ነው።

እኛ ካቶሊካውያን ይህን ሰማዕት ስናስታውስ ለራሳችንም ፈተና አለብን። የእርሱን መከራ የምናነሣው በማንም ወንድማችን ላይ ቂም ለማደስ ከሆነ፣ እኛም በሃይማኖት ስም ደም የምንቈጥር ሆነናል ማለት ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያን ልጆች በደል በአደባባይ ይቅርታ የለመኑት ትዝታን ከቂም ለማንጻት ነበር።

6. ምን እናድርግ?

የተለየ ኀይል የማይጠይቁ ጥቂት ልማዶችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየማታው ጸሎታችን የተቀየምነውን ሰው በስሙ ጠርተን እንጸልይለት፤ ስሙን ለእግዚአብሔር የሚያነሣ አፍ ውሎ አድሮ ለርግማን ይሰንፋል። ሁለተኛ፣ በለቅሶና በሠርግ በቀልን የሚያነሣሣ ቃል ሲነገር ዝም አንበል፤ በትሕትና ወሬውን እንለውጥ። ሦስተኛ፣ የሟቹን ቤት ብቻውን አንተው። የመበለቲቱ እርሻ በደቦ ሲታረስ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ «ደም መላሽ የሌለው ይጠቃል» የሚለው ፍርሃት ሥሩ ይደርቃል። አራተኛ፣ የገዳዩን ልጆች በአባታቸው ጥፋት አንጥላቸው። አምስተኛ፣ ለመቍረብ የሚዘጋጁትን ስናስተምር ትእዛዛቱን በቃል ከማስያዝ አልፈን «የምትሸሸው፣ የሚሸሽህም ሰው አለን?» ብለን እንጠይቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በመንደራችን ቂምን የሚመግቡት ቃላት የትኞቹ ናቸው? የሚነገሩትስ መቼ ነው?
ለ. ይቅር ማለትና በፍርድ ቤት እውነትን መመስከር እንዴት አብረው ይሄዳሉ?
ሐ. ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ካህናትና ሽማግሌዎች ጋር በዕርቅ ሥራ እንዴት ልንተባበር እንችላለን?
መ. በቀልን አልፈልግም ያለ ወጣት ፈሪ ሲባል ማን ከጎኑ ይቆማል?

ስለ ሰቀሉት የጸለየው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጸሎታችንን ከቂም፣ ልጆቻችንን ከደም ዕዳ ነጻ ያውጣልን፤ በአገራችንም ዕርቅን ያጽናልን። አሜን።